ቤዝ ጊታር የሚገዛ አንገት ይገዛል

ደሴ ላይ ቤዝ ጊታር ለሚጫወቱና ለመግዛት ለሚያስቡ ወዳጆች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

የተከበራችሁ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዚህ ጭጋግ ጊታራችሁን አዝላችሁ ከኮምቦልቻ ሐረጎን የወጣችሁትን ደግሞ በተለይ አመሰግናለሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አጨዋወት አይደለም፤ በአጨዋወት የሚበልጡኝ ሰዎች ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እኔ ስለ ጣት አያያዝ ባወራ ለቀባሪ ማርዳት ይሆንብኛል። የምናገረው ስለ ዕቃው ነው፤ ቤዝ ጊታር እንዴት እንደሚመረጥና እንደሚገዛ፣ ከተገዛም በኋላ እንዴት እንደሚያዝ። በዚህ ዕቃ ፍቅር ከተያዝኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ስገዛና ስሸጥ፣ ስፈታና ስገጥም፣ አንዳንዴም ደህናውን ሳበላሽ የተማርኩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር ብባል፣ ቤዝ ጊታር የሚገዛ ሰው የሚገዛው አንገት፣ ማለትም ክሮቹ የተዘረጉበትና ግራ እጅ የሚይዘው ረጅም እንጨት፣ ነው እላለሁ። ከአንገቱ በቀር ላለው ሁሉ እዚሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መላ ይገኝለታል፤ ለተጣመመ አንገት ግን እስካሁን መላ ያለው ሰው አላገኘሁም።

ይህን የምለው ዕቃው ከመጀመሪያው የተሠራበትን መንገድ አይቼ ነው። ቀደም ሲል የባንድ ቤዝ ማለት ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ ቆመው አቅፈው የሚጫወቱት፣ ነሐሱና ከበሮው ሲበረቱ ድምፁ የሚዋጥ ትልቅ የእንጨት መሣሪያ ነበር። ፖል ታትማርክ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ ሲያትል ውስጥ እንደ ጊታር የሚያዝ የኤሌክትሪክ ቤዝ ሠርቶ ነበር፤ ገበያው ግን አልደራለትም። ዓለምን ያዳረሰው ሊዮ ፌንደር በ1951 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ ያወጣው ፕሪሲዥን ቤዝ ነው። አንገቱ ላይ ፍሬት የሚባሉ ቀጫጭን ብረቶች በአግድም ደረደረበት፤ ጣት ከፍሬቱ ጀርባ እስካረፈ ድረስ ድምፁ ከልኩ አያልፍም፣ አይጎድልምም። ፕሪሲዥን፣ ማለትም ልክነት፣ ያሰኘውም ይኸው ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሰውዬው ሙዚቀኛ አለመሆኑ ነው። ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት ሳይማር የሞተ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ የሠራውንም ቤዝ የሠራው እንደ ጠጋኝ አስቦ ነው። አንገቱን በሙጫ አላጣበቀውም፤ በ4 ብሎን ከአካሉ ጋር አሰረው። ድምፅ የሚይዘው ፒክአፕ ማግኔትና የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው፤ የድምፅ ማንሻና ማውረጃዎቹም የድሮ ሬዲዮ ሆድ ውስጥ ከነበሩት የተለዩ አይደሉም። ስለዚህ እኛ ፒያሳ ላይ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ተቀምጦ ቴሌቪዥን የሚጠግነው ሰው የፌንደር የሙያ ወንድም ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የሚንኳኳ ቮሊዩም፣ የላላ ጃክ፣ ብየዳው የለቀቀ ሽቦ ለእርሱ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የብሪጁ ኮርቻ፣ ማለትም እያንዳንዱ ክር የሚያርፍበት ትንሽ ብረት፣ ቢሰበርብኝ ኮምቦልቻ አንድ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስቀርጫለሁ፤ ባለሙያው ምን እንደሆነ ባያውቀውም ከዋናው ያማረ አድርጎ ሰጥቶኛል። ቀለም የለቀቀ አካል እንኳ እንዳለ ቢቀመጥ ድምፁን አይጎዳውም። አንገት ግን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ሊቀየር ይችላል ቢባልም፣ ለብቻው የሚሸጥ የቤዝ አንገት ሰኞ ገበያም ሆነ ፒያሳ አይገኝም፤ ከውጭ ይምጣ ቢባል ደግሞ ከዕቃው ሁሉ ሊበልጥ ነው።

አንገቱ ምን እንደሚሸከም አስቡት። አራቱ ክሮች፣ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ የሚባሉት፣ ተቃኝተው በተወጠሩ ጊዜ በድምሩ ወደ 80 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ይስቡታል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ሊሞላ 20 ኪሎ የቀረው ጭነት ማለት ነው። በተለመደው ቤዝ ከላይኛው ጫፍ እስከ ብሪጁ ያለው የክሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ነው። ያን ሁሉ ኃይል ቀንና ሌሊት፣ ተኝተን እያለንም ጭምር የሚቋቋመው በእጃችን መዳፍ የሚጨበጥ እንጨት ነው። እንዳይጎብጥ በውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል ረጅም ብረት ተቀብሮለታል፤ በጫፉ ያለው ፍሬ በብሩጎላ ቁልፍ ሲጠብቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሲላላ ደግሞ ክሮቹ ወደፊት እንዲያጎብጡት ይፈቅድላቸዋል። ይህ ብረት ጉብጠትን ያቃናል፤ ጠመዝማዛነትን ግን አያቃናም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ነገር ያለው በእነዚህ በሁለቱ ልዩነት ላይ ነው።

ልዩነቱን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሻጭ ዘንድ ጥቁር ቀይ ቀለም የተቀባ፣ አካሉ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ ቤዝ አገኘሁ። ዋጋው ከገመትኩት በታች ነበር፤ ይህም ሊያስጠረጥረኝ ሲገባ ደስ አሰኘኝ። ሻጩ ከትንሽ አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቶ በታችኛዎቹ ፍሬቶች ላይ አንድ ሁለት ነገር መታልኝ፣ እኔም እዚያው መታሁ፣ ድምፁ ሸጋ ነበር። ደሴ ገብቼ በሦስተኛው ቀን ወደ ላይ ስወጣ የጂ ክር ከ7ኛው ፍሬት ጀምሮ እንደ ንብ ይጮህ ጀመር። ክሩን ከፍ ሳደርገው ጩኸቱ ቆመ፤ ነገር ግን የኢ ክር በዚያው ቦታ ጣት የማያስችል ከፍታ ላይ ነበር። ትረስ ሮዱን አጠበቅሁ፣ አላላሁ፣ ሳምንት ጠበቅሁ፣ እንደገና አጠበቅሁ። አንድ አናጺ ጎረቤቴ አንስቶ በአንድ ዓይኑ ካየው በኋላ፣ “ይሄማ ዞሯል” ብሎ አስቀመጠው። ሻጩ ስልክ አላነሳልኝም። ያንን ቤዝ አልሸጥኩትም፤ ለሌላ ሰው ማሻገሩ ከበደኝና እስከ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ለዛሬ ግን አውርጄ ይዤው መጥቻለሁ።

እንግዲህ አናጺው ያየው እንዴት ነው? አናጺ ጣውላ ሲገዛ እንደሚያደርገው ነው። ጊታሩን በጀርባው አስተኝታችሁ የአካሉን ጫፍ ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ አንዱን ዓይን ጨፍናችሁ፣ በአንገቱ ጠርዝ ላይ እስከ መቃኛዎቹ ድረስ ተመልከቱ። መጀመሪያ በኢ ክር በኩል ያለውን ጠርዝ፣ ቀጥሎ በጂ ክር በኩል ያለውን። ሁለቱም ጠርዞች እኩል በትንሹ ጎንበስ ካሉ ጤነኛ አንገት ነው፤ ትንሽ ጉብጠት እንዲያውም ያስፈልጋል፣ ክር ሲርገበገብ መወዛወዣ ቦታ ይፈልጋልና። አንዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሌላው ከጎበጠ፣ ወይም ፍሬቶቹ እንደ ደረጃ በአንድ ወገን እየወረዱ የሚሄዱ ከመሰላችሁ አንገቱ ዞሯል፤ ዋጋ ሳትከራከሩ አመስግናችሁ ውጡ። ብርሃን ባለበት እዩት። በሱቁ ጥግ አምፖል ሥር የሚታየውና በር ላይ በፀሐይ የሚታየው አንድ አይደለም፤ ወደ ውጭ ይዞ መውጣትን የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁም መልሱን ሰጥቷችኋል።

የጉብጠቱን ልክ ለማወቅ መሣሪያ መግዛት አያስፈልግም። የተቃኘውን የኢ ክር በግራ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በቀኝ ክርን ወይም በጓደኛ ጣት የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ስትይዙት ክሩ ራሱ ማስመሪያ ይሆናል። በዚያን ጊዜ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ፍሬትና በክሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን መልካም ነው። እኔ የምለካው ያለቀ የሞባይል ካርድ አስገብቼ ነው፤ ክሩን ሳያነሳ በትንሹ ታክኮ ካለፈ ይበቃኛል። ከዚህ ቀጥሎ የማይታለፍ ሥራ አለ፤ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ መምታት። 20 ፍሬት ያለው ቤዝ በ4 ክር 80 ድምፅ አለው፣ ሰማንያውንም መስማት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የሚጮህ ፍሬት፣ ያለቀና ጉድጓድ የሠራ ፍሬት፣ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞት ድምፅ ያኔ ይታወቃሉ። በጂ ክር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አካባቢ ድምፁ ቶሎ የሚሞትበት ቦታ በደህና ቤዝ ላይም ስለሚገኝ፣ እርሱን ብቻ አይቶ ዕቃውን መጣል አይገባም።

ወሎዬ ለሆነ ሰው ደግሞ ከማንኛውም የመቃኛ መሣሪያ የሚበልጥ ፈተና አለ፤ አምባሰል። ክሩን በሚገባ ቃኝታችሁ በኤ ክር 3ኛ ፍሬት ላይ ካለው ሲ ተነስታችሁ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት እያላችሁ ምቱ። ከዚያ በዚያው ክር 15ኛ ፍሬት ላይ ካለው ሲ ተነስታችሁ ድገሙት። በአምባሰል የመጀመሪያዎቹ ሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው፤ ኤ ፍላትም ለጂ እንደዚያው ትቀርባለች። በእነዚህ ጠባብ ቦታዎች ላይ ልኩ ትንሽ የተዛባ ቤዝ ወዲያውኑ ይጋለጣል። በትዝታ ሜጀር ላይ የሚሸፈን ስህተት አምባሰል ላይ አይሸፈንም፤ የእኛ ጆሮ ከልጅነቱ እዚህ የሰለጠነ ነውና። ላይኛው ሲ ከልኩ ከፍ ብሎ ከተሰማ ግን አትደንግጡ፤ የዚያን ክር ኮርቻ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ስባችሁ ክሩን ማስረዘም ነው፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ወደፊት ማምጣት። ይህ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ለዋጋ መከራከሪያ ይሆናችኋል እንጂ መግዛትን አይከለክልም።

ወደ ኤሌክትሪኩ ስንመጣ ፍተሻው አጭር ነው። ገመዱን ሰክታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ከዳር እስከ ዳር አዙሩ፣ ጃኩን ነቅነቅ አድርጉ፣ ክሮቹን ንኩ። ክሩን ስትነኩ “ሆ” የሚለው ጩኸት ከቀነሰ ግራውንድ የሚባለው የመሬት ሽቦ በቦታው አለ፤ ከጨመረ ከብሪጁ ሥር ተቆርጧል። ክሩ ከነዘራችሁ ግን ጊታሩን አስቀምጡና ማብሪያውን ነቅሉ፤ ይህ የጊታር ሳይሆን የአምፕሊፋየሩ ወይም የቤቱ የኤሌክትሪክ መስመር ችግር ነው፣ ቀልድም አይደለም። ባለ ሁለት ፒክአፕ ጃዝ ቤዝ፣ በ1960 የወጣው ዓይነት፣ አንዱን ቮሊዩም ዝቅ ስታደርጉ ቢጮህና ሁለቱንም እኩል ስትከፍቱ ጸጥ ቢል ተፈጥሮው ነው፤ ሁለቱ ፒክአፖች እርስ በርስ ጩኸቱን ይሽራሉ።

አሁን ብዙ ሰው በቴሌግራም በሚለቀቅ ቪዲዮ አይቶና ሰምቶ ይገዛል። ያልተነካው የኢ ክር ድምፅ በሴኮንድ 41 ጊዜ የሚርገበገብ ነው፤ የስልክ ስፒከር ይህን ዝቅተኛ ድምፅ አያወጣውም። በስልክ የሰማችሁት ቤዝ የቤዙ ቅርፊት እንጂ ቤዙ አይደለም፣ ያውም የሻጩ ስልክ ቀድቶት የእናንተ ስልክ ደግሞ አጥርቶት። ከርቀት መግዛት የግድ ከሆነ የሚጠየቀው ቪዲዮ የሚዘፈንበት አይደለም፤ ሁለቱ የአንገት ጠርዞች ቅድም ባልኩት መንገድ ከጫፍ የተነሱ ሁለት ፎቶዎች ናቸው።

ስለ ስም ብዙ አልናገርም። ስኳየር፣ ያማሃ፣ አይባኔዝ፣ ኮርት የተባሉት ሁሉ መሥራት የሚችሉ፣ ብዙ ሰውም የሚጠቀምባቸው ናቸው። በጥንት ፌንደር ስም የሚመጣላችሁን ዕቃ ግን ሻጩን አስፈቅዳችሁ አንገቱን ፈትታችሁ እዩት፤ እውነተኛ ዕቃ ስሙን ከላይ ብቻ አይለጥፍም፣ ብሎኑም እንጨቱም አብረው ይመሰክራሉ። ባለ 5 ክር ልግዛ ወይ ለሚለኝ ወጣት፣ ታችኛውን ቢ የሚጠይቅህ ዘፈን ካለህ ግዛ፣ ከሌለህ ተጨማሪው ክር ተጨማሪ ጭነት ነው እለዋለሁ። እጃቸው ትንንሽ ለሆኑ ልጆች ደግሞ የክሩ ርዝመት 762 ሚሊ ሜትር የሆነ አጭር ቤዝ አለ፣ ማንም አያፍርበት። በውስጡ 9 ቮልት ባትሪ ያለበትን አክቲቭ ቤዝ የምትይዙ፣ ገመዱ ጃኩ ውስጥ እንደተሰካ ባትሪው እየሠራ መሆኑን አትርሱ፤ ሰርግ ላይ ከመሐል ድምፁ እየተቆራረጠ ከሞተባችሁ ማታውን ገመድ ሳትነቅሉ የተኛችሁት እናንተ ናችሁ።

ከተገዛ በኋላ የሚመጣው የአየሩ ነገር ነው፣ በዚህ ረገድ እኛ ከሌላው ሰው የተለየ ዕጣ አለን። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በጦሳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አንድ ቤዝ ተጫዋች ቅዳሜ ደሴ፣ እሑድ ኮምቦልቻ ሰርግ ሲሠራ ጊታሩ ከአንድ የአየር ጠባይ ወደ ሌላ ይወርዳል። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በእኔ ጊታሮች እንዳየሁት በሐምሌና በነሐሴ፣ ጭጋጉ ቤት ውስጥ በሚገባበት ወቅት፣ አንገቱ ወደፊት ይጎብጥና ክሩ ከፍ ይላል፤ በደረቁ ወራት ኮምቦልቻ ሲከርም ተቃራኒው ይሆንና ታችኛዎቹ ፍሬቶች ላይ ጩኸት ይጀምራል። መፍትሔው ትረስ ሮዱን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሲገባና ሲወጣ፣ ሩብ ዙር ብቻ አዙሮ አንድ ቀን ማሳደር ነው። ሩብ ዙር ስል ሩብ ነው። እምቢ ያለን ፍሬ ጉልበት ጨምሮ ማዞር አንገቱን ራሱ ማጥፋት ነው፤ ብረቱ ከተበጠሰ አናጺም ቶርኖ ቤትም አይደርስለትም። ኮምቦልቻ በደረሳችሁ ጊዜም ጊታሩን ከቦርሳው ሳታወጡ ግማሽ ሰዓት አቆዩት፤ በሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ አስጭኖ ፀሐይ ማስመታትን ግን ለጠላትም አልመክርም።

ክር የሚቀየርበት ጊዜ የሰው ፀባይ ይለያየዋል። ጀምስ ጀመርሰን የተባለው፣ ሞታውን የሚባለው የአሜሪካ ሙዚቃ አሳታሚ ቤዝ ተጫዋች፣ በ1962ቱ ፕሪሲዥን ቤዙ ላይ ገጽታው ለስላሳ የሆነ ክር አስሮ ካልተበጠሰ በቀር አይቀይረውም ነበር ይባላል፣ ያንን የሚያህል ድምፅም አውጥቶበታል። የእኛ የሮሃ ባንዱ ጆቫኒ ሪኮ የመታቸውን መስመሮች በካሴት ሰምታችሁ ያደጋችሁ፣ ቤዝ ሳይብለጨለጭ ዘፈን መሸከም እንደሚችል ታውቃላችሁ። ጥርት ያለ ድምፅ ለሚፈልግ ግን ሸካራው ክር ይበጃል፣ እርሱም ላብና ቆሻሻ በጥምጥሙ መካከል ሲሞላ ይደነዝዛል። አዲስ ክር ደሴ ላይ እንደልብ በማይገኝበት ጊዜ አሮጌውን ፈትቶ አሥር ደቂቃ ውኃ ውስጥ መቀቀልና በደንብ ማድረቅ ለጥቂት ጊዜ ሕይወት ይመልስለታል። ባለቤቴ ለዚህ ሥራ የራሴን ድስት እንድገዛ አድርጋኛለች፤ ልክ ናት።

አዲሱን ስታስሩ አትቸኩሉ። የኢ ክርን በብሪጁ አሳልፌ ወደ መቃኛው አደርሳለሁ፤ ከመቃኛው ዘንግ አልፎ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ እተውና በዚያ ቦታ በፒንሳ ቀጥ አድርጌ አጥፈዋለሁ። መቁረጥ የሚመጣው ከማጠፍ በኋላ፣ ከእጥፋቱ ወዲያ ነው። ሳይታጠፍ ከተቆረጠ በመሐል ሽቦው ላይ የተጠመጠመው ይላላና ክሩ ገና ሳይመታ ይሞታል። ጫፉን በዘንጉ መሐል ባለው ቀዳዳ አስገብቼ፣ በጣቴ ወጥሬ ይዤ፣ ከላይ ወደ ታች ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ እስኪጠመጠም አዞራለሁ። አንዱን ቀይሬ ከቃኘሁ በኋላ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ ሰማንያ ኪሎውን በአንድ ጊዜ ከአንገቱ ላይ ማውረድ ባይገድለውም ያደናግረዋል።

ለማጽዳት ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የጣት ማረፊያው ጥቁር ቡናማ እንጨት ሲደርቅ ለእንጨት የተሠራ ዘይት በጠብታ ይቀባል፤ ቫርኒሽ የተቀባው ነጣ ያለው ግን ዘይት አይፈልግም። አንድ ወዳጄ የኑግ ዘይት ቀብቶት ጊታሩ ወሩን ሙሉ የደረቀ ወጥ ሲሸት ነበር፤ የምግብ ዘይት እንጨት ውስጥ ገብቶ ይበላሻል እንጂ አይመግበውም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቤዝን በቤት ቴፕ ወይም በቴሌቪዥን ስፒከር አታጫውቱ፤ ዝቅተኛው ድምፅ ወረቀቱን ከልኩ በላይ እየገፋ ይቀደዋል። ለጊታር የተሠራ ትንሽ አምፕሊፋየርም ቢሆን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ካልሆነ አይችለውም።

አሁን ከጠረጴዛው ላይ ሦስት ቤዝ አለ፤ ሁለቱ ደህና ናቸው፣ አንዱ ቅድም የነገርኳችሁ ነው። ቀለማቸውን በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። በየተራ ወደ መስኮቱ እየመጣችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጠርዞቹን ተመልከቱና የትኛው እንደዞረ ንገሩኝ።